ሲሊንደር ያነሰው ሞተር በጣርማ በር አቀበት ሲመዘን

ከሚሴ፦ "ቪ8" የሚለው ስም በኢትዮጵያ ከሞተር ዓይነትነት አልፎ የሥልጣንና የሀብት መለያ ከኾነ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስሙ ስምንት ሲሊንደሮች በ"ቪ" ፊደል ቅርጽ ተደርድረው የሚሠሩበትን ሞተር የሚገልጽ ቢኾንም፣ በጨዋታም ኾነ በበጀት ክርክር ሲነሳ የሚታሰበው ሞተሩ ሳይኾን ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ሰው ነው። የዚህ ስም መነሻ የነበረው ቶዮታ ላንድክሩዘር 200 ግን እ.ኤ.አ በ2021 ቦታውን ለላንድክሩዘር 300 ለቅቋል። ተተኪው ስምንት ሲሊንደር የለውም። ያለው ስድስት ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ ነው።

በአውስትራሊያ ገበያ የቀረቡትን የሁለቱን መኪኖች የናፍጣ ሞተሮች ማነጻጸር ይቻላል። የቀድሞው 4 ነጥብ 5 ሊትር ሞተር 200 ኪሎ ዋት ጉልበትና 650 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ይሰጥ ነበር። አዲሱ 3 ነጥብ 3 ሊትር ሞተር 227 ኪሎ ዋትና 700 ኒውተን ሜትር ይሰጣል። መጠኑ ከአንድ ሊትር በላይ ቀንሶ ኃይሉ ጨምሯል። ያም ኾኖ የላንድክሩዘር አፍቃሪዎች በስምንቱ ሲሊንደር መቅረት ማዘናቸው አልቀረም። የቀድሞው የናፍጣ ሞተርም ቱርቦ የነበረው መኾኑን ያስታወሱት ጥቂቶች ናቸው። ሐዘኑ ለሲሊንደሩ ቁጥርና ለድምፁ ነበር።

ይህ ክርክር በዓለም የስፖርት መኪና አፍቃሪዎች ዘንድ ከአሥር ዓመታት በላይ የዘለቀ ነው። ከሩቅ ሲያዩት የባለጸጎች ጭቅጭቅ ይመስላል። ነገር ግን ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ደሴ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ለተቀመጠችው ከሚሴ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም። ከከሚሴ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሁሉ የደብረ ሲናን አቀበት ይወጣል፤ ወደ ደሴ የሚሄደውም ከኮምቦልቻ በኋላ የሐረጎን አቀበት ይወጣል። በብሔረሰብ አስተዳደሩ ሌላ ጫፍ ባቲ ከአፋር ቆላ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው የጭነት መንገድ መተላለፊያ ናት። በእንዲህ ያለ ምድር የሞተር መጠን ጉዳይ ከስሜት ይልቅ የኑሮና የደኅንነት ጉዳይ ነው።

ቅሬታው ከየት መጣ?

ፌራሪ እ.ኤ.አ በ2015 "488 ጂቲቢ" የተባለውን መኪና ሲያቀርብ የቀድሞውን 4 ነጥብ 5 ሊትር ሞተር ትቶ 3 ነጥብ 9 ሊትር ባለ ሁለት ቱርቦ ሞተር ገጠመለት። ጉልበቱ ከ570 ወደ 670 የፈረስ ጉልበት አደገ። አፍቃሪዎቹ ግን በደቂቃ እስከ 9 ሺህ ዙር ይደርስ የነበረውን የቀድሞውን ሞተር ጩኸት አጣን አሉ። ፖርሽ በበኩሉ እ.ኤ.አ በ2016 ቦክስተርና ኬይማን በተባሉት መኪኖቹ ላይ ስድስት ሲሊንደሩን በአራት ሲሊንደርና በቱርቦ ተካ። መነሻው ሞዴል ከ2 ነጥብ 7 ሊትር ወደ 2 ሊትር ወርዶ ጉልበቱ ከ265 ወደ 300 ከፍ አለ። ቅሬታው ግን እጅግ በረታ። ኩባንያው እ.ኤ.አ በ2020 ያለ ቱርቦ የሚሠራ ባለ 4 ሊትር ስድስት ሲሊንደር ሞተር ያለው ሞዴል መልሶ ለገበያ አቀረበ። ቁጥሩ ያሸነፈውን ክርክር ጆሮ አልተቀበለውም ማለት ነው።

በፎርሙላ ዋን ውድድርም እ.ኤ.አ በ2014 ስምንት ሲሊንደሩ ሞተር በ1 ነጥብ 6 ሊትር ባለ ስድስት ሲሊንደር ቱርቦ ሲተካ፣ የተመልካቹ የመጀመሪያ አቤቱታ ስለ ፍጥነት ሳይኾን ስለ ድምፅ ነበር። ቱርቦ ከጭስ ማውጫው መንገድ ላይ ተቀምጦ የጭሱን ኃይል ስለሚቀማ ድምፁን ማፈኑ የተፈጥሮው ነው።

አምራቾቹ ይህን ያደረጉት አፍቃሪን ለማስቀየም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት የአዳዲስ አውቶሞቢሎች አማካይ የካርቦን ልቀት በኪሎ ሜትር ከ95 ግራም እንዳይበልጥ የሚያስገድድ ግብ አስቀምጦ ነበር። ትንሽ ሞተር በላቦራቶሪ ፈተና ቀስ ብሎ ሲነዳ ጥቂት ነዳጅ ይጠጣል፤ ጉልበት ሲፈለግ ደግሞ ቱርቦው ይደርስለታል። በሀገራት የቀረጥ ሰንጠረዥም አነስተኛ ሞተር አነስተኛ ክፍያ ነው። ስለዚህ ሞተሩን ያሳነሰው የመሐንዲሱ ምርጫ ብቻ ሳይኾን የሕጉ መለኪያም ጭምር ነው።

ኾኖም ሁሉም ትንሽ ሞተር አልተጠላም። ቶዮታ እ.ኤ.አ በ2020 ያወጣው "ጂ አር ያሪስ" 1 ነጥብ 6 ሊትር ባለ ሦስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር ይዞ ከ260 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል፤ አፍቃሪዎቹም በእልልታ ተቀበሉት። በዚህ መኪና ላይ ትንሹ ሞተር የተቀነሰ ነገር ምትክ አልነበረም፤ ከመጀመሪያው ለራሊ ውድድር ታስቦ የተሠራ ነው። ሰው የሚያዝነው ለትንሽነት ሳይኾን ለተወሰደበት ነገር መኾኑን ይህ ያሳያል።

ቱርቦ የከፍታ መድኃኒት ነው

ቱርቦ የዛሬ ፋሽን አይደለም። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡሂ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ በ1905 ነው። አሠራሩ በአጭሩ ሲገለጽ፣ ከሞተሩ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንድ ተርባይን ያሽከረክራል፤ ተርባይኑ በዚያው ዘንግ ላይ የተሰካውን ሌላ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ንጹሕ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ነዳጅ ይቃጠላል፤ ጉልበትም ይጨምራል። ባክኖ ይቀር የነበረው ጭስ ሥራ ሠራ ማለት ነው።

የፈጠራው ዋና ፈተና የተካሄደውም በተራራ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ በ1918 አሜሪካዊው መሐንዲስ ሳንፎርድ ሞስ "ሊበርቲ" የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር 4 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የፓይክስ ፒክ ተራራ አናት አስወጣው። በዝቅተኛ ቦታ 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በተራራው አናት ያለ ቱርቦ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ደረሰ። ስለዚህ ቱርቦ በአውሮፓ አውራ ጎዳናዎች የልቀት ሕግ ማሟያ ከመኾኑ በፊት የስስ አየር መድኃኒት ነበር።

ይህ ታሪክ ለእኛ ምድር ቅርብ ነው። ከፍታ በጨመረ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። በመደበኛው የከባቢ አየር ስሌት መሠረት 1 ሺህ 430 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ከሚሴ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 13 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። በአዲስ አበባ 21 በመቶ፣ በደሴ 22 በመቶ፣ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ በኾነው ጣርማ በር ደግሞ 26 በመቶ ገደማ ይደርሳል። በወረቀቱ 100 የፈረስ ጉልበት የተጻፈለት ቱርቦ የሌለው ሞተር በጣርማ በር ዋሻ ሲያልፍ 74 ገደማ ብቻ ይዞ ነው የሚሄደው።

ሙቀቱ ሲታከልበት ደግሞ ስሌቱ ይከፋል። ከሚሴ 30 ዲግሪ በደረሰ ከሰዓት ላይ ያለው አየር፣ በባሕር ጠለል 15 ዲግሪ ላይ ካለው አየር 20 በመቶ ያህል የሳሳ ነው። ቆላ ነው ተብሎ ሞተሩ ይቀለዋል ማለት አይቻልም።

ቱርቦ ያለው ሞተር ከዚህ ጉድለት አብዛኛውን ይሸፍናል። ተርባይኑ ፈጠን ብሎ በመዞር የሳሳውን አየር ይጨምቃል። አቅሙ ወሰን ቢኖረውም በአውሮፓ ጠረፍ እኩል የነበሩ ሁለት መኪኖች ደብረ ሲና ላይ እኩል አይኾኑም። ስለዚህ "ትልቅ ሞተር ለአቀበት ነው" የሚለው የቆየ እምነት በሀገራችን መታረም ይኖርበታል። በተመሳሳይ የወረቀት ጉልበት ሲታይ፣ ደጋውን የሚችለው ትልቁ ሳይኾን አየሩን መጭመቅ የቻለው ነው። የጭነት መኪና ሾፌሮች ይህን ቀድመው አውቀውታል፤ ከባድ የናፍጣ ሞተር በአብዛኛው ባለ ቱርቦ ከኾነ ዘመናት አልፈዋል።

አፍቃሪዎቹ እውነት ያላቸው የት ላይ ነው?

ይህ ማለት ግን የስፖርት መኪና አፍቃሪዎች ቅሬታ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ድምፁን ወደ ጎን ትተን ሁለተኛውን ቅሬታ እንመልከት። ቱርቦ ዘግይቶ ይነቃል። ነዳጅ ሲረገጥ ጭሱ መብዛት፣ ተርባይኑም ፍጥነት ማግኘት አለበት። በውድድር ሜዳ ይህ መዘግየት የሰከንድ ክፋይ ነው። ሰውና ዕቃ ጭኖ ዳገት ላይ ቆሞ ለሚነሳ መኪና ግን ትርጉሙ ይለያል። ተርባይኑ እስኪነቃ ድረስ ባለ 1 ሊትሩ ቱርቦ ሞተር በሳሳ አየር የሚተነፍስ ተራ 1 ሊትር ሞተር ነው። በወረቀቱ ላይ የሰፈረው ጉልበት ለዚያች ቅጽበት የለም። ፍሪሲዮን የሚያቃጥለው፣ መኪናውንም ወደ ኋላ የሚያንሸራትተው ያቺ ቅጽበት ናት።

ሦስተኛው ነጥብ ከሁሉም የከበደ ነው። አፍቃሪዎቹ መኪናው ነዳጅ ሲለቀቅ የሚሰጠውን መያዝ እንደሚናፍቁ ይናገራሉ። በእኛ መንገድ ይህ የስሜት ጉዳይ አይደለም። ከጣርማ በር እስከ ሸዋ ሮቢት ከ50 ኪሎ ሜትር ባልበለጠ መንገድ ከ1 ሺህ 700 ሜትር በላይ ቁልቁለት ይወረዳል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ኃይል ከ9 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ይህ ኃይል የሚጠፋው በአየርና በጎማ ግጭት፣ በሞተር መያዝና በፍሬን ሙቀት ነው። የሞተሩ ድርሻ በቀነሰ ቁጥር የፍሬኑ ሸክም ይጨምራል።

ነዳጅ ያልተረገጠበት ሞተር መኪናውን የሚይዘው በሲሊንደሮቹ ይዘትና በማርሹ ልክ ነው። በዚያን ጊዜ ቱርቦው የሚያግዘው ነገር የለም፤ የሚያዞረው በቂ ጭስ የለውምና። ቱርቦ ሽቅብ ያግዛል፤ ቁልቁል ግን አያግዝም። ስለዚህ 1 ነጥብ 2 ሊትር ቱርቦ ሞተር ሽቅብ ላይ የ2 ሊትር ሞተርን ያህል ቢጎትት፣ ቁልቁል ላይ ግን የሚይዘው እንደ 1 ነጥብ 2 ሊትር ነው። አቀበቱን በቀላሉ የወጣ ሾፌር ቁልቁለቱንም በለመደው ማርሽ ሊወርድ ሲሞክር ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ አይታመንም። መፍትሔው አስቀድሞ፣ መኪናው ፍጥነት ሳያነሳ፣ ከቀድሞው አንድ ወይም ሁለት ማርሽ ዝቅ ብሎ በማርሽ ይዞ መውረድ ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ያለውም በራሱ ፈቃድ ላይ እንዳይተወው ዝቅተኛውን መምረጥ ይገባዋል። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች ይህን ልዩነት በግልጽ ሊያስተምሩ ይገባል።

አራተኛው ዕድሜ ነው። የቱርቦ ዘንግ በደቂቃ ከ100 ሺህ ዙር በላይ ይሽከረከራል፤ ትንንሾቹ ከዚያ እጥፍ ይደርሳሉ። የሚንሳፈፈው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ነው፤ አጠገቡ የሚያልፈው የቤንዚን ሞተር ጭስ ደግሞ ከ900 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሊበልጥ ይችላል። ዘይቱ ከቆሸሸ፣ ጊዜው ካለፈ ወይም ደረጃው ካልተስማማ ቀድሞ የሚሞተው ቱርቦው ነው። ዳገት ወጥቶ ወዲያው ሞተር ማጥፋትም ዘይቱን በዘንጉ ላይ ያሳርረዋል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ አሠርቶ ማጥፋት ይህን ያስቀራል። የቆላው መንገድ አቧራ ደግሞ የአየር ማጣሪያውን በየጊዜው መቀየር ግድ ያደርጋል። ቱርቦ የሌለው አሮጌ ኮሮላ ብዙ ቸልተኝነት ይችል ነበር። ቱርቦ ያለው አይችልም። "ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር" እንዲሉ፣ በሽያጭ ወረቀቱ ላይ ያማረው ሞተር በጥገና ሰዓት ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል።

ሲሲ ምን ይለካል?

የአፍቃሪዎቹ ክርክር ለሕግ አውጭውም ጥያቄ አለው። በኢትዮጵያ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 አውቶሞቢሎችን በሞተር መጠን በሦስት ከፍሎ ነበር። እስከ 1 ሺህ 300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1 ሺህ 301 እስከ 1 ሺህ 800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። የተተካው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 የመኪናውን ዕድሜ ከሞተሩ መጠን ጋር አጣምሮ፣ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ጫናውን አክብዷል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው፤ ትልቅ ሞተር ማለት ቅንጦትና ብዙ ነዳጅ ማለት ነው የሚል።

ይህ አስተሳሰብ በወጣበት ዘመን ትክክል ነበር። ሞተር ሁሉ በራሱ በሚተነፍስበት ጊዜ ሲሲ የጉልበትም የፍጆታም ጥሩ ምልክት ነው። ቱርቦ ግን ምልክቱን ከነገሩ ለያይቶታል። 1 ነጥብ 6 ሊትር ያለው የውድድር መኪና ከ260 የፈረስ ጉልበት በላይ ሲያወጣ፣ የቆየው ባለ 4 ነጥብ 2 ሊትር ላንድክሩዘር 70 ያለ ቱርቦ 130 ገደማ ብቻ ይሰጣል። በሲሲ ብቻ ብንለካ የቅንጦት ዕቃ የሚኾነው በየገጠሩ ክትባትና እህል ያመላለሰው ነው፤ ቆጣቢ የሚባለው ደግሞ የውድድር መኪናው።

በፍጆታም ቢኾን እንዲሁ ነው። ትንሽ ቱርቦ ሞተር ሜዳ ላይ በዝግታ ሲነዳ ይቆጥባል። ዳገት ላይ ጭነት ይዞ ያለማቋረጥ ሲረገጥ ግን ራሱን ከሙቀት ለመጠበቅ ተጨማሪ ነዳጅ የሚረጭበት ጊዜ አለ። ስለዚህ በላቦራቶሪ የተገኘው ቁጥር በደብረ ሲና መንገድ ላይ አይደገምም። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሳት በመጀመሩ፣ ይህ ልዩነት የትራንስፖርት ባለሙያውን ኪስ በቀጥታ ይነካል። ገዥም ኾነ ግብር ጣይ ሊጠይቅ የሚገባው "ስንት ሲሲ ነው?" የሚለውን ብቻ ሳይኾን "በምን መንገድ፣ በምን ጭነት፣ ስንት ይጠጣል?" የሚለውን ነው።

ከቱርቦ ወደ ባትሪ

መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም ከኤሌክትሪክ ውጭ የኾኑ አውቶሞቢሎች ወደ ሀገር እንዳይገቡ መወሰኑን በትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኩል ይፋ አድርጓል። ውሳኔው የሞተሩን ክርክር የዘጋው ይመስላል። እውነታው ግን ሌላ ነው። እስከዚያ ድረስ የገቡት ቱርቦ መኪኖች በመንገድ ላይ ናቸው፤ ተተኪ ባለማግኘታቸውም ለብዙ ዓመታት ይቆያሉ። እያረጁ ሲሄዱ ከአዲስ አበባ ወደ ክልል ከተሞች፣ ከመጀመሪያው ባለቤት ወደ ሦስተኛውና አራተኛው መሸጋገራቸው የተለመደ የገበያ መንገድ ነው። ያረጀ ቱርቦ የሚጠገነው እንግዲህ በከሚሴ፣ በባቲና በኮምቦልቻ ጋራዦች ነው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች የቱርቦን ምርመራና ጥገና፣ ተስማሚ የዘይት ምርጫንና የኮምፒውተር ምርመራን በተግባር ካላስተማሩ ኪሳራው የሚያርፈው ዕዳ ገብቶ መኪና በገዛው ሰው ላይ ነው።

የኤሌክትሪክ መኪናውም ቢኾን የራሱን ጥያቄ ይዞ መጥቷል። ሞተሩ አየር ስለማይተነፍስ ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፤ ቁልቁል ሲወርድም ኃይሉን መልሶ ወደ ባትሪው ያስገባል። በዚህ ረገድ ለጣርማ በር የተፈጠረ ይመስላል። ኾኖም ባትሪው ሙሉ ኾኖ ቁልቁለት ከጀመረ የሚመልሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም፤ ሸክሙ ተመልሶ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። አቀበቱ የሚበላው ኃይልም በሜዳ ከተለካው የጉዞ ርቀት ላይ የሚቀነስ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ደሴ ባለው 400 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የኃይል መሙያ ጣቢያዎች የት የት ይቀመጡ የሚለው ጥያቄ በርቀት ብቻ ሳይኾን በከፍታም መመለስ አለበት።

የስፖርት መኪና አፍቃሪዎች ለድምፅ አለቀሱ ተብሎ ሊሳቅባቸው ይችላል። ነገር ግን አንድ ነገር በትክክል አይተዋል። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር መኪናው በመንገድ ላይ የሚሠራውን ሁሉ አይናገርም። እኛም "ቪ8" የሚለውን ስም የክብር መለኪያ፣ "ሲሲ" የሚለውን ቁጥር የግብር መለኪያ አድርገን ስንኖር ዘነጋነው እንጂ፣ በተራራማ ሀገር የመኪና ትክክለኛው መለኪያ አቀበቱንና ቁልቁለቱን ከነተሳፋሪው በሰላም መጨረሱ ነው። ሞተሩ ቢያንስም፣ ቱርቦ ቢኖረውም፣ በባትሪ ቢተካም ይህ መለኪያ አይለወጥም።